ኢንሹራንስ የማይከፍለው አፈር፦ ከእንጦጦ ግርጌ ለሚኖሩ የጎርፍና የመሸርሸር መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ በሲግናል፣ በቀበና፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም በየካ ሚካኤል አካባቢ ቤት ያለው ሰው ክረምት በገባ ቁጥር ሁለት አደጋ በአንድ ጊዜ ይጋረጥበታል። አንደኛው ውሃ ወደ ቤቱ መግባቱ ነው፤ ሁለተኛው አፈር ከግቢው ተጠርጎ መሄዱ። ሁለቱም ከአንድ ዝናብ ስለሚመጡ እንደ አንድ ነገር ይታያሉ። የኢንሹራንስ ውል ግን ለየብቻ ያያቸዋል፦ ለመጀመሪያው ተጨማሪ ሽፋን ከተገዛ ይከፍላል፣ ለሁለተኛው በአብዛኛው አይከፍልም። ይህ መመሪያ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው። በድንገት የሚደርሰውን ጉዳት ለኢንሹራንስ ይስጡ፤ ቀስ በቀስ የሚበላውን መሬት በራስዎና በጎረቤትዎ ጉልበት ይያዙ፤ ሁለቱንም በበጋ ይጨርሱ። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው አረቦን ሳያቋርጥ እየከፈለ ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

አደጋው ከየት ይነሣል

የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የከተማው መሐል ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። በሸንተረሩ ራስ ላይ የወረደ ዝናብ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይንደረደራል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመግፋት ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ኮረብታ ሥር የሚደርስ ጎርፍ ከሜዳ ጎርፍ በጠባዩ ይለያል። አቃቂ ሜዳ ላይ ውሃው ይተኛል፣ ወለል ያበሰብሳል፣ ደለል ይጥላል። በቀበና ወንዝ ግራና ቀኝ ግን ይቆርጣል፣ ይቦረቡራል፣ የግንብን መሠረት ከሥሩ ገልጦ ያወጣል። ቀበና ከእንጦጦ ተነሥቶ፣ ግንፍሌን ተቀብሎ፣ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤልና ወደ አዋሽ ይሄዳል። እዚያ ታች የሚከማቸው ደለል ከፊሉ እዚህ ላይ የነበረ የሰው ግቢ ነው።

የኮረብታው ሽፋንም ድርሻ አለው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አድኗታል። ነገር ግን ከሥሩ ሣር ብዙ አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠልም ለማገዶ ተጠርጎ ይወሰዳል። ዛፍ ያለው ኮረብታ ሁሉ ውሃ የሚይዝ መስሎ ቢታይም፣ የጠብታውን ምት የሚያበርደውና ውሃውን ወደ አፈር የሚያሰርገው መሬት ላይ የተኛው ሽፋን ነው። በ2013 መባቻ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክና በየዓመቱ የሚደረገው የአገር በቀል ዛፎች ተከላ ይህን ለመለወጥ ይረዳሉ፤ ውጤቱ ግን ዓመታት ይጠይቃል። ከኮረብታው በታች ያለው ሰፈር ደግሞ በቆርቆሮ፣ በኮብልስቶንና በአስፋልት ተሸፍኗል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አሥር ቤት ባለበት መንደር ይህ 30,000 ሊትር ነው፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከአደጋው አንዱ ክፍል ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ሌላው ክፍል ከራሳችን ጣሪያ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ የግቢዎን መሬት ይወቁ

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ሜትርና የስልክ ካሜራ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ውሃው በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚጠራቀም፣ በየት እንደሚወጣ ይሳሉ። ግቢዎ ከወንዝ ወይም ከቦይ ገደል ጋር የሚዋሰን ከሆነ፣ ከቤቱ ማዕዘን እስከ ገደሉ አፍ ያለውን ርቀት በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ለክተው ይጻፉ። ይህን ልኬት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በመስከረም፣ ከዚያው ነጥብ ይድገሙት። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ክረምት ስንት መሬት እንደሄደ ይነግርዎታል፤ «ወንዙ እየቀረበ ነው» የሚለው ስጋትም ቁጥር ያገኛል። ከገደሉ አፍ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ፣ ሥሩ የተገለጠ ወይም ወደ ገደሉ ያዘመመ ዛፍ፣ ሆዱ ወደ ውጭ የተነፋ ግንብ፣ ያለ ምክንያት መግጠም ያስቸገረ በርና መስኮት ካዩ፣ መሬቱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነውና ክረምት ሳይገባ መሐንዲስ ያስጠሩ። ጥቁር መረሬ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ደግሞ አፈሩ በክረምት ስለሚያብጥና በበጋ ስለሚሰነጠቅ ግድግዳው ያለ ጎርፍም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የትኛው ስንጥቅ የየትኛው ምክንያት ውጤት እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ኋላ ካሳ ሲጠየቅ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ውሃውን ከጣሪያዎ ጀምረው ይግቱ

ብዙ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ በመጀመሪያ ግንብ ይገነባል። ግንብ ግን ውሃውን አይቀንሰውም፤ ከኋላው ያጠራቅመዋል። ስለዚህ ወጪው ከጣሪያ ይጀምር። አሸንዳው ቀዳዳ የሌለው፣ ቁልቁል የሚወርደው ቱቦም ገደሉ አፍ ላይ የማይፈስ ይሁን። 2,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ከላይ ከተሰላው 3,000 ሊትር ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ለልብስና ለጽዳት ይውላል። ሮቶው ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት ካልጎደለ ግን ለጎርፍ ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ በክረምት በየቀኑ ይጠቀሙበት። ሞልቶ የሚፈሰው በቱቦ እስከ መንገዱ ቦይ ይድረስ። ከግቢዎ በላይ ተዳፋት ካለ፣ ወደ ጎን ቀስ ብሎ የሚያፈስ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቁፈሩ፤ ከቁፋሮው በፊት ግን ቦዩ የሚያፈስበትን ከጎረቤት ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ ውሃውን ከራስዎ ግቢ አውጥቶ ወደ ሌላው ቤት መላክ ችግሩን አይፈታውም። የመጸዳጃ ጉድጓድና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ከገደሉ አፍ ይራቁ፤ ከመሬት ውስጥ የሚሰርግ ፍሳሽ ተዳፋቱን ዓመቱን ሙሉ ያርሰዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ለመናድ የተዘጋጀ ያደርገዋል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ዳርቻውን ይያዙ

ውሃው ከተገታ በኋላ የአፈሩ ተራ ይመጣል። የገደሉ ቁመት አጭር፣ ተዳፋቱም ገር ከሆነ እጽዋት ብዙ ይሠራሉ። ቬቲቨር ሣር ሥሩን ወደ ታች ረጅም ስለሚሰድ አፈር በመያዝ የታወቀ ነው፤ ደሾና ዝሆኔ ሣር ለከብት መኖም ይሆናሉ፤ የደጋ ቀርከሃም ዳርቻ ይይዛል። ተከላው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ይደረግ፤ ረድፎቹም ተዳፋቱን አቋርጠው ይሂዱ። ገደሉ አፍ ላይ ያለውን ትልቅ ባሕር ዛፍ መቁረጥ ካስፈለገ ግንዱን ቆርጠው ሥሩን ይተዉት፤ ሥሩን መንቀል ያያዘውን አፈር አብሮ ያወጣዋል። ገደሉ ከሰው ቁመት ካለፈና ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ሣር ብቻውን አይበቃም። በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን (ጋቢዮን) ከድፍን ግንብ ይልቅ ለወንዝ ዳርቻ የሚመረጠው ውሃ በውስጡ ስለሚያልፍና መሬቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሳይሰነጠቅ አብሮ ስለሚተጣጠፍ ነው። ድፍን የድጋፍ ግንብ ከመረጡ ከኋላው የጠጠር ንብርብር፣ ከፊቱም የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች የግድ ይኑሩት፤ ያለነሱ የተሠራ ግንብ በክረምት ከኋላው በተጠራቀመው ውሃ ክብደት ይገፋል። መሠረቱም ወንዙ ሊቦረቡር ከሚችልበት ጥልቀት በታች ይውረድ። ለዚህ ሥራ የግንባታ ፈቃድ ከክፍለ ከተማው ያውጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ስለሚያደርገው፣ ያለ ፈቃድና ያለ ስሌት የተሠራ ግንብ ታች ያለ ጎረቤት ላይ ቢወድቅ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል።

አራተኛ እርምጃ፦ ሥራውን የሰፈር ያድርጉት

ወንዝ የአንዱን ሰው ግንብ ሲያገኝ ኃይሉን ወደማይጠበቀው ወደ ጎረቤት ዳርቻ ያዞራል። ስለዚህ አንድ ግቢ ብቻውን ቢጠናከር የሚቀጥለው ግቢ ይጎዳል፤ እሱ ሲናድ ደግሞ የመጀመሪያው ግንብ ከጎን ይገለጣል። ለዚህ የሚሆን ድርጅት በየሰፈሩ አስቀድሞ አለ፤ እድር ነው። ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው የእድር ስብሰባ አንድ አጀንዳ ይያዝ፦ በግንቦት የሚጠረጉ ቦዮችና ማንሆሎች ዝርዝር፣ ለኬሻና ለአሸዋ የሚዋጣ ገንዘብ፣ ከላይኛው ሰፈር ሆኖ ለታችኛው የሚደውል ሰው ስም። የመጨረሻው ጉዳይ ሕይወት ያድናል። በሐምሌ 1998 ማብቂያ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሌሊት ሲያጥለቀልቅና ከ250 በላይ ሰው ሲሞት፣ ከባዱ ዝናብ የወረደው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበር። ኮረብታ ሥር የሚኖር ሰው ሰማዩን ከራሱ ሰፈር በላይ አሻግሮ ማየት አለበት። ቆሻሻ የሚጣልበትን ቦይ፣ የተሰበረ ማንሆል፣ የተናደ የመንገድ ጠርዝ ደግሞ በጽሑፍ ለወረዳው ያሳውቁ፣ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ይያዙ። ይህ ወረቀት ኋላ ለኢንሹራንሱም ማስረጃ ነው።

አምስተኛ እርምጃ፦ ውሉን ቃል በቃል ያንብቡ

በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው ዋናው ውል የእሳትና የመብረቅ ኢንሹራንስ ነው። ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የመሬት መንቀጥቀጥና የመሳሰሉት ተያያዥ አደጋዎች ተብለው በተጨማሪ አረቦን የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ «ቤቴ ኢንሹራንስ አለው» ማለት «ቤቴ የጎርፍ ሽፋን አለው» ማለት አይደለም። ከባንክ ብድር ጋር የተገዛ ውል ካለዎት በተለይ ይጠንቀቁ፤ እሱ በዋናነት የባንኩን ብድር ለመጠበቅ የተገባ ስለሆነ ካሳው በቅድሚያ ወደ ባንኩ ሊሄድ፣ የቤት ዕቃዎም ጭራሽ ላይካተት ይችላል። የጎርፍ ሽፋኑን ሲያገኙ ቀጥሎ ያለውን የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር ያንብቡ። በእንዲህ ዓይነት ውሎች ዘንድ የመሬት መስመጥ፣ የመሬት መንሸራተት፣ የአጥርና የበር ጉዳት፣ በእርጅናና ቀስ በቀስ የሚደርስ ጉዳት ብዙ ጊዜ ውጭ ናቸው። ለእንጦጦ ግርጌ ነዋሪ እነዚህ ዋናዎቹ አደጋዎች ናቸው። የመሬት መንሸራተት ሽፋን ለብቻው በተጨማሪ ክፍያ ይገኝ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። መሬቱ ራሱ ግን በማንኛውም ውል አይሸፈንም፤ የሚሸፈነው በላዩ የቆመው ቤትና ንብረት ነው።

ይህ የኛ አገር ኩባንያዎች ክፋት አይደለም። በእንግሊዝ ምሥራቅ ጠረፍ ሆልደርነስ በሚባለው አካባቢ ባሕሩ ገደሉን በዓመት በአማካይ ወደ ሁለት ሜትር ይበላል። በብሪታንያ የጎርፍ መድን ዋጋን ለማቅለል እ.ኤ.አ. በ2016 ፍለድ ሪ የተባለ የጋራ ተቋም ሥራ ጀምሯል፤ ባሕር ቀስ በቀስ ለሚወስደው ቤት ግን የቤት ኢንሹራንስ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የጎርፍ መድንም የሚከፍለው ውሃው ከተለመደው ልክ አልፎ በድንገት ለቆረጠው ዳርቻ ነው፤ በዝግታ ለሚሄድ መሸርሸር አይከፍልም፣ መሬትንም አይሸፍንም። ምክንያቱ አንድ ነው። ኢንሹራንስ ብዙዎች አዋጥተው ማን ላይ እንደሚደርስ ያልታወቀውን ጉዳት የሚከፋፈሉበት መንገድ ነው። ገደሉ በየክረምቱ ግማሽ ሜትር እየቀረበው ያለ ቤት ግን መቼ እንደሚወድቅ መቁጠር ይቻላል፤ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ለመድን ሳይሆን ለአካፋና ለድንጋይ የተተወ ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የመድኑን መጠን ያስተካክሉ፣ እውነቱን ይናገሩ

ቤትዎን መልሶ ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ሆኖ በ2 ሚሊዮን ብር መድን ቢያስገቡት፣ ለኩባንያው ቤቱን በግማሽ ብቻ እንዳስገቡ ይቆጠራል። ጎርፍ 600,000 ብር ቢያጠፋ የሚከፈልዎ በዚያው ሒሳብ 300,000 ብር ነው፤ ከሱም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሣል። ከሐምሌ 22፣ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የብረትና የሌሎች የግንባታ ዕቃዎች ዋጋ ስለናረ፣ ከዚያ በፊት የተገመተ ቤት ዛሬ ከዋጋው በታች መድን የገባ ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል። በየዓመቱ ውሉን ሲያድሱ ግምቱንም ያድሱ። በተቃራኒው ከዋጋው በላይ ማስገባት ጥቅም የለውም፤ የንብረት ካሳ አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ እንደማይበልጥ ሕጉ ይደነግጋል። ይህ ሕግ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ሌሎች ክፍሎቹን ቢተካም የኢንሹራንሱን ክፍል አልሻረውም። በዚሁ ሕግ መድን ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ወንዝ ዳር መሆኑን፣ ካለፈው ክረምት ስንጥቅ መኖሩን የደበቀ ሰው ካሳውን ሊያጣ ይችላል። አደጋው ከጊዜ በኋላ ከጨመረ፣ ለምሳሌ የላይኛው ጎረቤት ተዳፋቱን ቆፍሮ ከገለጠው፣ ይህንንም ያሳውቁ። በአንደኛው እርምጃ ያዘጋጁት ልኬትና ፎቶ፣ በሦስተኛው የሠሩት ግንብ ፈቃድና ደረሰኝ እዚህ ላይ ይጠቅማሉ፤ ቤቱ በሚገባ መያዙን ስለሚያሳዩ ሽፋን ለማግኘትም አረቦን ለመደራደርም አቅም ይሰጣሉ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ጉዳት ሲደርስ

ሰው ይቅደም። ሐምሌ 15፣ 2016 በገዜ ጎፋ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማዳን የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በእነሱ ላይ ወረደ። የተናደ ተዳፋት ሥር አይሰብሰቡ፤ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይደውሉ። መብራት ከዋናው ማብሪያ ያጥፉ። ከዚያ ምንም ሳያነሡና ሳያጸዱ ፎቶና ቪዲዮ ያንሡ፤ ውሃው በግድግዳው ላይ የተወውን ምልክት በሜትር ለክተው ያሳዩ። ውሉ የሚሰጠው የማሳወቂያ ጊዜ አጭር ነውና በዚያው ቀን ይደውሉ፣ በማግሥቱ በጽሑፍ ያስገቡ፣ ግልባጩ ላይ ማኅተም ያስደርጉ። ጉዳት ገምጋሚው እስኪመጣ ጉዳቱ እንዳይብስ የሚያደርግ ሥራ፣ እንደ ሸራ ማልበስና ውሃ መቅዳት፣ መሥራት ይገባል፤ ደረሰኙን ይያዙ። የጎደለውን በሙሉ ሳያሰሉ «ካሳዬን ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ካልተስማሙ ውሉ የግልግል ዳኝነትን ያዘዘ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ዘርፉን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለትም ይቻላል። ክስ ግን በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳልና ድርድሩ ጊዜውን እንዳይበላብዎ።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«እድር አለኝ፣ ምን ኢንሹራንስ ያስፈልገኛል?» የሚል ሰው የእድርን ክብር በትክክል ያውቃል። ነገር ግን ጎርፍ የእድሩን አባላት ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊመታ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያዋጣ አይኖርም። የኢንሹራንስ ኩባንያ አደጋውን ከሌላ ከተማ ደንበኞቹና ከጠለፋ መድን ሰጪዎች ጋር ስለሚካፈል ይህን ሸክም ይችላል። «ኩባንያዎቹ ሰበብ ፈልገው አይከፍሉም» የሚለውም ከባዶ የመጣ ቅሬታ አይደለም፤ ሰበብ የሚገኘው ግን ሽፋኑ ባልተገዛበት፣ ግምቱ ባረጀበት፣ እውነቱ በተደበቀበትና ማስረጃው በጠፋበት ቦታ ነው። አራቱንም አስቀድሞ መዝጋት ይቻላል። ከእንጦጦ ጀምሮ እየተካሄደ ያለውን የወንዝ ዳርቻ ልማት እያየ «መንግሥት ይሠራዋል» የሚልም አለ። በ2011 የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት የወንዞቹን መልክ እየለወጠ ነው፤ የሚሠራው ግን በዋናው ወንዝ ላይ ነው። ከጓሮዎ ወደ ወንዙ የሚወርደው ትንሽ ቦይና ከጣሪያዎ የሚፈሰው ውሃ የእርስዎ ሆኖ ይቀራል። ከልማቱ የተነሣ ልነሣ እችላለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ደግሞ ለግንብ ብዙ ገንዘብ ከማፍሰሱ በፊት የይዞታውን ሁኔታ በክፍለ ከተማው ያጣራ፤ ሣር፣ ቦይና የዕቃ መድን ግን ለአንድ ክረምትም ቢሆን ወጪያቸውን ይመልሳሉ። በቀበሌ ቤት ወይም በኪራይ የሚኖርም ግድግዳው የራሱ ባይሆን የቤት ዕቃውን መድን ማስገባት ይችላል።

ገንዘብ ሲያንስ፣ ጊዜ ሲያጥር

ሁሉን በአንድ ዓመት ማድረግ የማይችል ቤተሰብ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይጠብቅ። በመስከረም ይለኩና ፎቶ ያንሡ። ከጥቅምት እስከ የካቲት መሬቱ ሲደርቅ አሸንዳውን፣ ቦዩንና ግንቡን ይሥሩ። በሚያዝያ ከእድሩ ጋር ይስማሙ። በግንቦት እንደገና ይለኩ፣ ቦዮቹን ይጥረጉ፣ የቤቱን ግምት አድሰው የጎርፍ ሽፋኑን ይግዙ፤ አረቦኑ መከፈሉን በደረሰኝ ያረጋግጡ። ሣሩን በሰኔ መጨረሻ ይትከሉ። በእጅዎ ያለው ብር ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ቤትዎ ከገደል የራቀ ነገር ግን ውሃ የሚገባበት እንደሆነ የጎርፍ ሽፋኑን ያስቀድሙ፤ ገደሉ አፍ ላይ ከሆነ ግን ውሃውን መግታቱን ያስቀድሙ፣ ምክንያቱም እዚያ የሚጠፋውን መሬት ማንም አይመልስልዎትም። ስንጥቁ ከቤቱ መሠረት ከደረሰ ግን ከሁለቱም በፊት የሚመጣ ውሳኔ አለ፦ በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ይደር። ነሐሴ 2013 አዲስ አበባ ውስጥ ጎርፍ የሰባት ሰው ሕይወት ወስዷል። ቤት በካሳም፣ በእድርም፣ በሥራም ይተካል፤ ይህ መመሪያ ያስቀደመው ሁሉ ለማይተካው ሲባል ነው።